ወጪን ቀንሶ ሥራን መቀነስ፦ ከጡረታ ዕድሜ በፊት፣ በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት) ጡረታ የሚያገኘው 67 ዓመት ሲሞላው ነው። ይህን ሳይጠብቁ የቤት ወጪያቸውን አጥብበው የሥራ ሰዓት የሚቀንሱ ሰዎች አሉ። እንቅስቃሴው «ፋየር» (FIRE) ይባላል፤ በእንግሊዝኛ «በገንዘብ ራስን መቻልና ቀድሞ ጡረታ መውጣት» ለማለት የወጣ ምህጻረ ቃል ነው።

መነሻው አንድ ስሌት ነው። በ1994 ዊሊያም ቤንገን የተባለ የካሊፎርኒያ የፋይናንስ አማካሪ ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ መረመረ። ጡረተኛው በመጀመሪያው ዓመት በአክሲዮንና በቦንድ ካጠራቀመው 4 በመቶ ቢያወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል ቢጨምርበት፣ ገንዘቡ 30 ዓመት ይዘልቃል አለ። በሌላ አነጋገር የዓመት ወጪን 25 እጥፍ መያዝ ማለት ነው።

ስለዚህ የምትቀንሰው ወጪ ሁለት ጊዜ ይጠቅምሃል። በወር 100 ዶላር ብትቀንስ በዓመት 1,200 ይተርፍሃል፤ ማጠራቀም ያለብህም በ30,000 ዶላር ያንሳል።

ሥራ ጨርሶ ማቆም ግን ግዴታ አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በዓመት 40,000 ዶላር የሚበቃው ቤተሰብ ሥራ ለማቆም 1 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። ከፓርት ታይም ሥራ 25,000 እጁ ከገባ ግን የሚጎድለው 15,000 ብቻ ነው፤ ለዚህ 375,000 ይበቃል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለመቀበል ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው።

ለውጥ የሚያመጣው ማኪያቶ መተው አይደለም። ከባዶቹ ወጪዎች ቤት፣ መኪናና ምግብ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤዝመንት (ምድር ቤት) አከራይተው ሞርጌጁን፣ ማለትም የቤት ብድሩን፣ የሚያቀሉት የፋየርን ስም እንኳ ሳይሰሙ ነው። ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ግን ለብዙዎች አይነኬ ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በጤና ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ በ65 ዓመት ነው የሚጀምረው። ሰዓት ሲቀንስ የአሠሪው ኢንሹራንስ ሊቋረጥ ይችላል። አንዱ መውጫ ኦባማ ኬር፣ ማለትም ራስ በመንግሥት ድጎማ የሚገዙት ኢንሹራንስ፣ ነው፤ ድጎማው በገቢ መጠን ይወሰናል። ሌላው ለፓርት ታይም ሠራተኛም ኢንሹራንስ የሚሰጥ ድርጅት መፈለግ ነው። የቡና ቤቶቹ ድርጅት ስታርባክስ በሳምንት በአማካይ 20 ሰዓት ለሚሠራ ይሰጣል፤ ሥራን ጨርሶ ሳያቆሙ በፓርት ታይም መሥራትን «ባሪስታ (ቡና አፍዪ) ፋየር» የሚሉትም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

በ45 ዓመቱ ሥራ ለሚያቆም ደግሞ የቤንገን 30 ዓመት ያጥራል። ጠንቃቆቹ በ4 ፋንታ በ3.5 በመቶ የሚያሰሉት ለዚህ ነው።