ኤርነስት ፊትዝጄራልድና የሲ-5ኤ ሂሳብ

ኤርነስት ፊትዝጄራልድ (1926–2019) በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ የወጪ ቁጥጥር ሥራ ይሠራ የነበረ ሲቪል ባለሙያ ነው። ስሙ የገነነው በ1968 ሲ-5ኤ የተባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ከታሰበለት ወጪ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚበልጥ ለኮንግረስ በማረጋገጡ፣ በዚሁ ሰበብ ከሥራ በመባረሩና ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመከታተሉ ነው። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ የአገራችን አዋጅ ከተጠቀሰበት ቦታ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በየጽሑፉ “ምስጢር ያወጣ” ተብሎ ይጠቀሳል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የእኛው አገር የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 “ጠቋሚ” የሚለውን ሰው ያህል እንኳ ራሱ ተነሥቶ አልጠቆመም። በአደባባይ ተጠየቀ፤ መለሰ።

የተወለደው በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ሲሆን፣ ሙያው የኢንዱስትሪ ምህንድስና ነው። አየር ኃይል በ1965 ከመቅጠሩ በፊት በአውሮፕላን ፋብሪካና በአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ ሠርቷል። ፔንታጎን ሲገባ የተሰጠው መደብ በአየር ኃይሉ የፋይናንስ ረዳት ሚኒስትር ሥር የአስተዳደር ሥርዓቶች ምክትልነት ነበር። በ1967 አየር ኃይሉ ራሱ ለሲቪል አገልግሎት ሽልማት በእጩነት አቅርቦታል፤ ይህ ከኋላ ለሚመጣው ነገር መዘንጋት የሌለበት ነው።

በየቢሮው ጠላት ያፈራበት ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው። የመሣሪያ ግዥ ተደራዳሪዎች የሚጠይቁት “ባለፈው ስንት ፈጀ?” ብለው ነው። ፊትዝጄራልድ የሚጠይቀው “ስንት መፍጀት ነበረበት?” ብሎ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የአውሮፕላን ክፍል በምህንድስና መለኪያ በ10 የሥራ ሰዓት ማለቅ ሲገባው፣ ክፍሉ ስለተበላሸና ደግሞ ስለተሠራ፣ ወይም ሠራተኛው ዕቃ ሲጠብቅ ስለዋለ 30 ሰዓት ፈጀ እንበል። የሂሳብ መዝገቡ 30ውን ይይዛል። በሚቀጥለው ውል 30ው መነሻ ይሆንና የዋጋ ንረት ይታከልበታል፤ የጠቅላላ አስተዳደር ወጪ ይጫንበታል፤ በመጨረሻም ትርፍ በመቶኛ ይሰላበታል። ትርፍ የወጪ መቶኛ እስከሆነ ድረስ የባከነው 20 ሰዓትም ትርፍ ያስገኛል ማለት ነው። መዝገቡን የሚመረምር ኦዲተር ደግሞ ምንም ጥፋት አያገኝም፤ 30 ሰዓቱ በእርግጥ ተሠርቷልና። ስለዚህ ይህን ብክነት ደረሰኝ በመቁጠር ማግኘት አይቻልም። ፋብሪካው ወለል ድረስ ወርዶ እያንዳንዱን ሥራ መለካት ይጠይቃል። ፊትዝጄራልድ ይህን ያደርግ ስለነበር ነው ከኮንትራክተሮቹም ሆነ ከራሱ አለቆች ጋር የተቃቃረው።

ሲ-5ኤ ላይ የደረሰው ይህ ብቻ አይደለም። የአውሮፕላን አምራቹ ሎክሂድ ተፎካካሪዎቹን ቦይንግንና ዳግላስን በልጦ ጨረታውን ያሸነፈው በ1965 ሲሆን፣ ውሉ ምርምሩን፣ ሙከራውንና ምርቱን በአንድ ጥቅል የያዘ አዲስ ዓይነት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ኩባንያው ርካሽ ዋጋ ሰጥቶ ከገባ በኋላ እያሻሻለ እንዳያስከፍል ከመጀመሪያው ማሰር። ነገር ግን ውሉ ውስጥ የተሸጎጠ አንድ ቀመር ቋጠሮውን ፈታው። ትዕዛዙ በዙር ተከፍሎ ነበር፤ 5 የሙከራና 53 የመጀመሪያ ዙር አውሮፕላኖች፣ ቀጥሎ 57 የሁለተኛ ዙር፣ በድምሩ 115። የመጀመሪያው ዙር ወጪ ከታሰበው በተወሰነ መጠን ካለፈ የሁለተኛው ዙር ዋጋ በትክክለኛው ወጪ መሠረት እንደገና ወደ ላይ ይከለሳል ይላል ቀመሩ። ይህ ማለት ኩባንያው በመጀመሪያው ዙር በከሰረ ቁጥር በሁለተኛው ይካሳል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከ3.4 ቢሊዮን ዶላር ወደ 5.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲንር መንግሥት ለማቆም የሚያስችለው መንገድ ሁለተኛውን ዙር መቀነስ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የተሠሩት 81 ናቸው።

የቴክኒኩም ጣጣ ከገንዘቡ አልተለየም። ሎክሂድ ውሉ የሚጠይቀውን የክብደት ገደብ ለማሟላት ከክንፉ ላይ ብረት ቀነሰ፤ ክንፉም ከታሰበው ዕድሜ በጣም ቀድሞ መሰንጠቅ ጀመረ። በ1980ዎቹ ለ77 አውሮፕላኖች አዲስ ክንፍ ተሠራላቸው። ያንንም የከፈለው መንግሥት ነው።

ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር የሚመራው የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ፊትዝጄራልድን የጠራው ለኅዳር 13 ቀን 1968 ነበር። አለቆቹ የጽሑፍ መግለጫ እንዳያዘጋጅ ነገሩት። ሴናተሩ የ2 ቢሊዮን ዶላሩን ግምት አንሥቶ ሲጠይቀው ቁጥሩ ወደ እውነቱ የቀረበ ሊሆን እንደሚችል መለሰ። ሌላ ትልቅ ነገር አልተናገረም። ያ ግን በቂ ነበር፤ ቁጥሩን ያረጋገጠው ተቃዋሚ ሳይሆን ሂሳቡን እንዲይዝ የተቀጠረው ሰው ነውና።

ከዚያ በኋላ የተከተለው የማባረር ሂደት በየትኛውም አገር ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ማንም “እውነት ተናገርክ” ብሎ አልከሰሰውም። በመጀመሪያ ቋሚነቱ ተነካ። ከጥቂት ወራት በፊት ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ በደብዳቤ ተገልጾለት ነበር፤ ከምስክርነቱ 12 ቀን በኋላ ግን ደብዳቤው የኮምፒውተር ስህተት ነው ተባለና ተሰረዘ። ቀጥሎ ሥራው ተወሰደ። ከትልልቆቹ የመሣሪያ ፕሮግራሞች ተነሥቶ የወታደር ምግብ ቤቶችንና በታይላንድ ያለ ባለ 20 መስመር የቦውሊንግ መጫወቻ ወጪ እንዲመረምር ተመደበ። የአየር ኃይሉ የምርመራ ክፍል የግል ሕይወቱን ሲያጠና ቆየ። በመጨረሻም በኅዳር 1969 የመዋቅር ማሻሻያ ተደረገ፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሥራ መደቡ ታጠፈ። ወጪ የሚቆጥብን መደብ ወጪ ለመቆጠብ ማጠፍ! በጥር 1970 ከቢሮው ወጣ።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ እመለከተዋለሁ አለ፤ ለሰውየው ሌላ ቦታ እንዲፈለግለትም አዘዘ። የኋይት ሐውሱ ረዳት አሌክሳንደር በተርፊልድ ግን በጥር 1970 በጻፈው ማስታወሻ ፊትዝጄራልድ የወጪ ጉዳይ አዋቂ መሆኑን ሳይክድ በታማኝነት ዝቅተኛ ነጥብ እንደሚገባው ገልጾ፣ ለጊዜው ደሙ ይፍሰስ የሚል ምክር ሰጠ። ማስታወሻው ይፋ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በጥር 1973 ኒክሰን ራሱ መባረሩን እንዳጸደቀ በአደባባይ ተናገረ፤ በማግስቱ ቢሮው ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበት ነው ሲል አስተባበለ።

ክርክሩ በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው ወደ ሥራ የመመለስ ነው። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በመስከረም 1973 መደቡ የታጠፈው ከሰውየው ጋር በተያያዘ የግል ምክንያት እንጂ በመዋቅር ለውጥ አለመሆኑን አረጋግጦ ከነውዝፍ ደመወዙ እንዲመለስ ወሰነ። ተመለሰም፤ ግን ወደ ሕንፃው እንጂ ወደ ሥራው አልነበረም። በማዕረጉ ተቀምጦ የመሣሪያ ግዥ ሰነድ እንዳይደርሰው ተደረገ። የሲቪል ሰርቪስ ክርክሮች በብዛት የሚጨናገፉት እዚህ ላይ ነው፤ “ወደ ተመጣጣኝ ቦታ ይመለስ” የሚል ትዕዛዝ ደረጃንና ደመወዝን ይመለከታል፣ ሰነድ የማግኘት መብትን አይመለከትም። የቀድሞ ሥልጣኑን ያገኘው በሰኔ 1982 በፍርድ ቤት ስምምነት ሲሆን፣ መንግሥት 200,000 ዶላር የጠበቃ ወጪ ከፍሎለታል።

ሁለተኛው መንገድ ኒክሰንንና ረዳቶቹን በካሳ መክሰስ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው በሰኔ 1982፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራው ሥራ በፍትሐ ብሔር ካሳ እንዳይጠየቅ ፍጹም ጥበቃ አለው ሲል ፈረደ። በዚያው ቀን በረዳቶቹ ጉዳይ በተሰጠው ውሳኔ ደግሞ አንድ ባለሥልጣን ተጠያቂ የሚሆነው ምክንያታዊ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ግልጽ መብት ከጣሰ ብቻ ነው ተባለ። ሁለተኛው ውሳኔ ዛሬ በአሜሪካ ፖሊሶች ላይ በሚቀርቡ ክሶች ዕለት ተዕለት ይጠቀሳል። የመጀመሪያው በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዶናልድ ትራምፕን የወንጀል ጉዳይ ሲያይ ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል። በደል ደረሰብኝ ያለው ሰው ስም የባለሥልጣናት ጋሻ በሆኑ ሁለት ፍርዶች ላይ ተጽፎ ቀረ። ለፊትዝጄራልድ ኪስ ግን ኒክሰን አስቀድሞ በተደረገ ስምምነት 142,000 ዶላር ከፍሎ ነበር፤ ቢሸነፍ ኖሮ 28,000 ይጨምር ነበር።

የሙያው ሁለተኛ ዘመን 1980ዎቹ ናቸው። የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ በየጋዜጣው ወጣ፦ 435 ዶላር መዶሻ፣ 640 ዶላር የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የበርጩማ እግር ማልበሻ ፕላስቲክ። ሕዝቡ የሰረቀ ሰው ፈለገ። ማብራሪያው ግን አሰልቺ ነው። ኩባንያዎች የጠቅላላ አስተዳደር ወጪያቸውን በትዕዛዝ ዝርዝሩ ላይ ላለ እያንዳንዱ ዕቃ እኩል ስለሚያካፍሉ መዶሻው እንደ ሞተሩ ይሸከም ነበር። የፔንታጎን ሰዎችም ይህን ይዘው “የወረቀት አሠራር ችግር ነው፣ ሞተሩ በዚያው ልክ ይረክሳል” አሉ። የፊትዝጄራልድ መልስ አውሮፕላን ማለት ተሰባስበው የሚበሩ ዋጋቸው የተጋነነ መለዋወጫዎች ናቸው የሚል ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን ልክ ነው። የሥራ ሰዓቱ መጋነን ለመዶሻውም ለክንፉም አንድ ነው፤ የመዶሻውን ዋጋ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ብቻ ታየ፣ የክንፉን ግን ማንም ሱቅ ሄዶ አይጠይቅም።

በ1987 የመጨረሻውን ትልቅ ሙግት ገጠመ። ሠራተኞች እንዲፈርሙት የቀረበው የምስጢር ጥበቃ ቅጽ ቁጥር 189 “ምስጢር የተባለ” ብቻ ሳይሆን “ምስጢር ሊባል የሚችል” መረጃንም ይከለክል ነበር። አልፈርምም አለ። እንዲህ ያለ ቃል ከተፈረመበት አንድ የወጪ ሠንጠረዥ ለኮንግረስ ከተሰጠ በኋላ ማኅተም ተመትቶበት ሰጪው ሊጠየቅ ይችላል፤ የ1912ቱ ሕግ ደግሞ የፌዴራል ሠራተኛ ለኮንግረስ መረጃ የመስጠት መብቱ እንዳይነካ ይላል። ከብዙ ክርክር በኋላ ቃሉ ከቅጹ ወጣ።

በሕጉ በኩል ሁለት ነገር ተለውጧል። በ1986 የተሻሻለው የሐሰት ይገባኛል ሕግ መንግሥትን ያጭበረበረ ኮንትራክተር የጉዳቱን ሦስት እጥፍ እንዲከፍል፣ ክሱን ያቀረበውም ግለሰብ ከ15 እስከ 30 በመቶ እንዲያገኝ ያደርጋል። የ1989ኙ የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ ደግሞ ለፌዴራል ሠራተኞች ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ማጭበርበርን ወይም በቀልን ማስረዳት ለሚችል ሰው ነው። በ10 ሰዓት ማለቅ ሲገባው 30 ሰዓት የፈጀ ሥራ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ስለዚህ ፊትዝጄራልድ ዕድሜውን የጨረሰበት ጥያቄ ዛሬም በፍርድ ቤት በር የሚገባ አይደለም።

ፔንታጎንን በጡረታ የለቀቀው በ2006፣ 80 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ከ81ዱ ሲ-5ኤዎች ወደ አዲሱ ሲ-5ኤም ደረጃ የተሻሻሉት ጥቂት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት እሱ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2017 ከአገልግሎት ወጥተው አብቅተዋል።