ካውንስሉ አይደለም የጨመረባችሁ፦ ስለ ቢዝነስ ሬት የሚወራውና እውነታው

እንግሊዝ ውስጥ ካፌና ሱቅ ላላቸው ወገኖቻችን ሒሳብ እሠራለሁ። የ2026 (እ.ኤ.አ.) የቢዝነስ ሬት (የንግድ ቤት ግብር) ቢል ከደረሰ ወዲህ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ገቢውን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ተፈቀደላቸው፤ እነሱም ዋጋውን በእኛ ላይ ቆለሉት።» ሰልችቶኛል።

ቢሉ ላይ የካውንስሉ አርማ ስላለ ሁሉም ጣቱን ወደዚያው ይቀስራል። ካውንስሉ ግን ሰብሳቢ ነው። የንግድ ቤቱን የዓመት ኪራይ ግምት የሚያወጣው ቫሉዌሽን ኦፊስ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ግምቱ የሚባዛበትን ቁጥር (ማባዣውን) የሚወስነው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ኤፕሪል 1 ቀን 2026 ሦስት ነገሮች አብረው ስለተለወጡ ነው፦ በኤፕሪል 2024 የኪራይ ዋጋ የተሠራ አዲስ ግምት፣ አዳዲስ ማባዣዎች፣ እና የካውንስሎች የገቢ ክፍፍል። ሦስተኛው እናንተን አይመለከትም። ለካውንስሉ ግማሹም ይቅርለት ሁሉም፣ እናንተ የምትከፍሉት ያው ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ካፌ አላት፤ ግምቱ 20,000 ፓውንድ ነው፣ በአዲሱም አልተለወጠም። ማባዣው ደግሞ ለአንድ ፓውንድ ግምት ከ49.9 ፔንስ ወደ 38.2 ወርዷል። ታዲያ ለምን ጨመረባት? አምና 9,980 ፓውንድ ወጥቶ 40 በመቶ ሲቀነስላት 5,988 ከፈለች። ያ ለካፌና ለሱቅ ይደረግ የነበረው ቅናሽ ማርች 31 ላይ አበቃ። ዘንድሮ 20,000 በ38.2 ሲባዛ 7,640 ይመጣል፤ ያ ቅናሽ ለቀረባቸው ጭማሪውን የሚገድበውን ድጋፍ (ሰፖርቲንግ ስሞል ቢዝነስ) ካገኘች ከዚህ ይወርዳል። እሷ ግን ይህን ድጋፍ ሳትጠይቅ ካውንስል ሄዳ ስትጨቃጨቅ ዋለች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ማባዣውን ሊቀይርላት ኖሯል?

«ካውንስሉ አሁን ገቢውን ሁሉ ለራሱ ያስቀራል።» ወሬው የቆየ ነው። በ2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን በ2020 መቶ በመቶ ለካውንስሎች ይቀራል ብለው ነበር፤ ሕጉ ግን የ2017ቱ ምርጫ ሲጠራ ቀረ። መቶ በመቶው እንደ ታላቁ ማንቸስተር ባሉ ቦታዎች ብቻ በሙከራ ተጀምሯል። ገቢ የማስቀረቱ ሥርዓት በጠቅላላው በ2013 ሲጀመር ግን ለአካባቢው የተተወው ግማሹ ነበር፤ ከዚያ በፊት፣ ከ1990 አንስቶ፣ ሁሉም ወደ ማዕከል ገብቶ ነበር የሚከፋፈለው። ያም ድርሻ እንዳለ አይቀመጥም፦ ብዙ የሚሰበስበው «ታሪፍ» ይከፍላል፣ ትንሽ የሚሰበስበው «ቶፕ አፕ» ይቀበላል። ከአገሩ ሁሉ በላይ የሚሰበስበው የለንደኑ ዌስትሚንስተር ነው፤ ለራሱ የሚቀረው ግን ጥቂቱ ነው።

«የ2026ቱ የገቢ ክፍፍል ካውንስሎችን አበለጸገ።» አንዳንዱን ጠቀመ፣ ሌላውን ጎዳ። ከ2013 ወዲህ አዲስ መጋዘንና ቢሮ በዝቶላቸው ጭማሪውን ሲይዙ የነበሩት ካውንስሎች አሁን ለሌላው አካፈሉ።

«ቢዝነስ ሬት ከከፈልኩ ቆሻሻዬን ያነሱልኛል።» አያነሱም። የንግድ ቆሻሻ ለብቻው ይከፈላል።

ይልቅ የሚጠቅመውን ያዙ። አንድ የንግድ ቤት ብቻ ካላችሁና ግምቱ ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠ የአነስተኛ ንግድ ቅናሹ ቢሉን ዜሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ በላይ እስከ 15,000 ድረስ ቅናሹ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅናሽ የሚጠየቀው ከካውንስሉ ነው፤ ለዚህ ሂዱ። ግምቱ ላይ ስህተት ካለ፣ ለምሳሌ የወለሉ ስፋት ከተጋነነ፣ ክርክሩ ከቫሉዌሽን ኦፊስ ጋር ነው፤ በኢንተርኔት ማመልከቻው ነፃ ነው። በስልክ ደውሎ «አስቀንስልሃለሁ፣ በመቶኛ ትከፍለኛለህ» ለሚል ሰው አትፈርሙ። ክርክሩ እስኪያልቅም ቢሉን መክፈል አታቁሙ፤ ካውንስሉ ለውዝፍ ፍርድ ቤት ሲወስዳችሁ «ግምቱ ተጋኗል» የሚለው መልስ አያድናችሁም።