ኮኬይን፦ ከኮካ ቅጠል እስከ ማደንዘዣ

ኮኬይን የሚገኘው የአንዲስ ተራሮች ተክል ከሆነው ኮካ ነው። የአካባቢው ሰዎች ቅጠሉን ከኖራ ወይም ከአመድ ጋር ጉንጫቸው ውስጥ መያዝ ከጀመሩ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ኖራው ለጣዕም አይደለም፤ የምራቁን አሲድነት ስለሚቀንስ ኮኬይኑ በአፍ ስስ ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። መጠኑ ትንሽ፣ አገባቡም ዝግ ያለ ስለሆነ ቅጠሉንና ነጩን ዱቄት በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው።

ንጥረ ነገሩን አንጥሮ ስሙን ያወጣለት በ1860 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በጀርመን የጎቲንገኑ ኬሚስት አልበርት ኒማን ነው፤ በ1855 ሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት ጌድከ ቀድሞታል የሚሉም አሉ። ኒማን ዱቄቱ ምላስ እንደሚያደነዝዝ ጽፎ ነበር። ነገሩን ለቀዶ ሕክምና ያዋለው ግን ከ24 ዓመት በኋላ የቪየናው ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር ነው።

ያኔ የዓይን ሞራ የሚገፈፈው በሽተኛው እያየ ነበር፤ በትንፋሽ የሚሰጠው ማደንዘዣ ኤተር ስለሚያስመልስ ለተከፈተ ዓይን አደገኛ ነው። ኮለር የኮኬይን ጠብታ በእንቁራሪት፣ በጥንቸል፣ በመጨረሻም በራሱ ዓይን ላይ አድርጎ ኮርኒያውን (የዓይኑን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን) በስፒል ራስ ነካው፤ ምንም አልተሰማውም። መስከረም 15 ቀን 1884 ግኝቱ በጀርመኗ ሃይደልበርግ በዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲቀርብ ኮለር ለጉዞ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያነበበለት የዓይን ሐኪሙ ብሬታወር ነው። የአካባቢ ማደንዘዣ ዘመን የተከፈተው በዚህች ጠብታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሮቹም ወዲያው ታዩ። በውሃ የሟሟውን መድኃኒት ከጀርም ለማጽዳት ሲያፈሉት ኮኬይኑ ይበላሽና ኃይሉን ያጣል። ጠብታው ሲደጋገም ኮርኒያው ይደፈርሳል። ነርቭን በመርፌ ማደንዘዝን በራሱ ላይ የሞከረው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃልስቴድ ሱሰኛ ሆነ። በ1898 በጀርመኗ ኪል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ አውጉስት ቢር መድኃኒቱን በራሱ አከርካሪ ሲያስወጋ ስሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም ብሎ የአከርካሪው ፈሳሽ ፈሰሰ፤ ተራው የረዳቱ ሆነ። ቢር በብረት መዶሻ ቅልጥሙን ሲመታው ረዳቱ አልታመመም፤ በኋላ ግን ሁለቱም በራስ ምታት ተሠቃዩ። በ1905 ገበያ የወጣው ሰው ሠራሽ ማደንዘዣ ኖቮኬይን የኮኬይንን አብዛኛውን ቦታ ተረከበ።

ከሕክምና ውጭ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የማሪያኒ ወይን ኮካን ከአልኮል ያጣምር ነበር፤ ጉበት ሁለቱን ሲያገኝ ልብን ይበልጥ የሚጎዳ ኮካኤቲሊን ይሠራል። ዱቄቱ ሃይድሮክሎራይድ የሚባል ጨው ነው፦ በውሃ ይሟሟል፣ በአፍንጫ ይሳባል፣ በእሳት ግን ይበላሻል። በ1980ዎቹ የተስፋፋው፣ የሚጨሰው ኮኬይን ክራክ ደግሞ ቤዝ (ከጨውነት የተላቀቀ ኮኬይን) ነው፤ ሲሞቅ ስለሚተን በሳንባ በኩል በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ሱሱ የሚፈጥነውም ለዚህ ነው።

ዛሬም 4 በመቶ የኮኬይን ፈሳሽ በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ይሠራበታል፤ እያደነዘዘ የደም ሥርንም ስለሚያጠብ መድማትን ይቀንሳል። የልብ ሕመም ላለበት ግን አይመከርም።