«ግራሙ እንዳይጎድል» እና ሌሎች ወርቅ ስለማሠራት የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ወርቅ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ሙያውን የለመድኩት ሐረር ነው። ከፈረስ መጋላ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ፣ አጎቴ ወናፉ አጠገብ አስቀምጦ አስተማረኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ የምሰማው አንድ ነገር አለ። «አቦ፣ ይሄን አቅልጠህ አዲስ ሥራልኝ፣ ግን ግራሙ እንዳይጎድል።» ሰልችቶኛል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የእናታቸውን ወርቅ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ቢፈሩ ይፈረድላቸዋል። የሚያበሳጨኝ ይኸው ፍርሃት መልሶ ሌባ እጅ ላይ የሚጥላቸው መሆኑ ነው።

ትናንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። ወርቅን በጥርስ መንከስ ምንም አያሳይም፤ እርሳስም ለስላሳ ነው። ማግኔትም እንደዛው፤ ነሐስ፣ መዳብና ብርም በማግኔት አይሳቡም። «ብሩ ጠቆረ፣ ውሸት ነው» የሚሉኝም አሉ፤ እውነተኛ ብር ነው የሚጠቁረው፣ ሲወለወል ይመለሳል። «24 ካራት ካልሆነ ወርቅ አይባልም» ለሚሉ ደግሞ፣ 24 ካራት ማለትም ንጹሕ ወርቅ፣ ለቀለበት በጣም ለስላሳ ነው፤ ፈርጡን የያዙት ጥፍሮች ይከፈቱና ድንጋዩ አንድ ቀን ገበያ መሃል ይወድቃል።

የሐረር ሰው ስለ ጠገራ ብር ያለው እምነት ግን ሁለት መስመር ይገባዋል። የድሮ አንጥረኞች የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባትን ጠገራ እያቀለጡ አምባርና ድሪ ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ንጹሕ ብር ይመስለዋል። አይደለም። 28 ግራም ከምትመዝነው ጠገራ ውስጥ ብሩ 83.3 በመቶ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ላይዋ ላይ 1780 ስላለ የዚያ ዘመን ናት ማለትም አይደለም። ንግሥቲቱ በፈረንጆቹ 1780 ከሞተች በኋላ ያው ዓመት እየታተመባት ለረጅም ዘመን ተመትታለች። ቅርስ ነው ብላችሁ በውድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

አሁን ወደ ግራሙ። «ወርቅ ሲቀልጥ አይቀንስም፣ ከቀነሰ ሠሪው ወስዶታል» ይባላል። ወርቅ 1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፣ በእሳታችን ተንኖም አይጠፋም። እዚህ ላይ ልክ ናችሁ። ግን ያመጣችሁት ሀብል ወርቅ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ላብ፣ ቅባትና ሳሙና በሰንሰለቱ መሃል ገብቷል። መቆለፊያው ውስጥ የብረት ሞላ አለ። አንድ ጊዜ ተበጥሶ ከተበየደ መበየጃው ራሱ ዝቅ ያለ ካራት ነው፣ ምክንያቱም ከወርቁ ቀድሞ መቅለጥ አለበት። ከዛ በኋላ ሞረዱ አለ፣ ማለስለሻው አለ። የሞረዱን ብናኝ ጠረጴዛዬ ሥር የተዘረጋው ቆዳ ይይዝልኛል፣ ሰብስቤ እመልሰዋለሁ። ማለስለሻው ብሩሽ የበላው ግን ከሰምና ከቀለም ጋር ተቦክቶ ነው የሚቀረው፤ በዚያው ቀን ለይቼ ልሰጣችሁ አልችልም።

አንዲት እናት የሟች እናታቸውን ሀብል ይዘው መጡ። ለሁለት ሴት ልጆቻቸው ሁለት ቀለበት ይፈልጋሉ። 22 ግራም መዘነ፣ 21 ካራት። ፍሬ ፍሬ ያለው የድሮ ሥራ ነው፣ ፍሬዎቹ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ሙጫ ተሞልቶባቸዋል። እሳቱ ሲነካው ጥቁር ጭስ ወጣ፣ እሳቸውም አዩት። ቀልጦ ሲመዘን 20.9 ሆነ። አብሯቸው የመጣው ወንድማቸው ሰው ፊት ያልሆነ ነገር ተናገረኝ። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጥፍጥፉን ተቀብለው ሄዱ።

ከወራት በኋላ ቀለበቶቹን ይዘው ተመለሱ። ሌላ ሠሪ «እኔ 22 ግራሙን ሞልቼ እሰጥዎታለሁ» ብሏቸው፣ እውነትም ሞልቶ ሰጥቷቸዋል። አስቡት እስቲ፤ 20.9 ሰጥተው 22 ተቀበሉ። ወርቅ አይወልድም። መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጭሬ፣ ጎኑ 21 እና 18 ካራት ጭሬ፣ አሲድ አደረግኩበት። የእሳቸው ጭረት ከ21ዱ ይልቅ ደበዘዘ። «ልጄ፣ ታዲያ አንተ ነበርክ እንዴ እውነቱን የነገርከኝ?» አሉኝ። ደስ አላለኝም፤ የእናታቸው ወርቅ ነበር።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። 20 ግራም የ21 ካራት ወርቅ በሥራ 1 ግራም ቢጎድል፣ በዚያች ቦታ 1 ግራም መዳብ ቢጨመር፣ ሚዛኑ 20 ይላል፣ ወርቁ ግን ወደ 20 ካራት ወርዷል። ይህን በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ስለዚህ ግራም ሳይጎድል የመለሰላችሁን ሰው ነው ይበልጥ መጠየቅ ያለባችሁ።

ወርቅ ስታቀልጡ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቡና ጠጥቼ ልምጣ አትበሉ። ስትመጡ፣ ከቀለጠ በኋላና ሥራው ሲያልቅ ሦስት ጊዜ አስመዝኑ፤ የወርቃችሁ ትክክለኛ ክብደት ሁለተኛው ነው። ትርፉንና ብናኙን ጠይቁ። ማኅተሙን እዩ፤ 750 ማለት 18 ካራት ነው፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22። የእጅ ዋጋውን ለብቻው ተስማሙ። የእጅ ዋጋ በጣም ካረከሰላችሁ፣ ልፋቱን ከሌላ ቦታ ሊያወጣው ነው ማለት ነው።

ሌላው «5 ግራም ወርቅ አለኝ፣ 5 ግራም ቀለበት ሥራልኝ» የሚለው ነው። ቀለበቱ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ በጄሶ ይሸፈናል፣ ሰሙ በምድጃ ቀልጦ ይወጣና ቦታውን ወርቅ ይይዘዋል። ባለቅኔዎቹ ሰምና ወርቅ የሚሉት ከዚሁ ከእኛ ሥራ የወሰዱትን ነው። ወርቁ የሚገባበት ቦይም መሞላት ስላለበት ከቀለበቱ የበለጠ ወርቅ ያስፈልጋል። ቦዩ ተቆርጦ ይመለስላችኋል። ደግሞ ደስ የሚለው፣ ሰሙን መዝኖ ወርቁን ማወቅ ይቻላል፤ 1 ግራም ሰም በ18 ካራት 15 ግራም ተኩል ገደማ ይሆናል። ከበዛባችሁ ሰሙ ላይ እያለ እንቀንሰዋለን።

«ለነገ ይደርሳል?» አይደርስም። ጄሶው ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ ቅርጹ ከነድካሙ ይጠፋል። በስልክ የምታሳዩኝ ፎቶም ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተሳለ እንጂ ማንም ጣቱ ላይ ያደረገው ቀለበት አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥፍር ሥዕል ላይ ያምራል፤ ጣት ላይ ሳምንት አይቆይም።

የወሎ ኦፓል ያለበት ቀለበት የሚያስጠብቡ ሰዎች ደግሞ «ድንጋዩን ሳታወጣ በይደው፣ ድንጋይ አይደል እንዴ» ይሉኛል። ኦፓል በውስጡ ውሃ አለው፣ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀለሙ ከጠፋ ግን አትደንግጡ። የወሎው ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

የመጨረሻው የጣት ልክ ነው። በክር ለክቶ የሚመጣ ሙሽራ አለ። ክር ይለጠጣል፣ ደግሞ ጣት ቀኑን ሙሉ አንድ አይደለም። ሐረር በጠዋቱ ብርድ የተለካ ቀለበት ድሬ በቀትር ሙቀት አልገባ ይላል። ስፋት ያለው ቀለበት ደግሞ ከቀጭኑ ትንሽ ላላ ማለት አለበት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ቀለበቱን የምታደርገውን ልጅ ይዛችሁ ኑ። ላስደንቃት ነው የምትሉ ከሆነ፣ በዚያው ጣት የምታደርገውን አንድ ቀለበት ለአንድ ሰዓት ተዋሱልኝና አምጡት።