ዳኛ ሲባል የትኛው ዳኛ?

ደብረ ማርቆስ፣ ኳስ በምናይበት ቤት። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ አንድ ጋሼ ብድግ ብለው «ይግባኝ እንላለን!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቋንቋችን ግን ያደናግራል፤ ፍርድ ቤት የተቀመጠውም፣ ፊሽካ የሚነፋውም፣ ለዘፋኝ ነጥብ የሚሰጠውም ዳኛ ነው።

ድሮ ደግሞ የመንገድ ዳኛ ነበር። የተጣሉት «በሕግ አምላክ!» ተባብለው ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ይሉታል። ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ እንዳይጠፋ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራሉ፤ ቁራኛ ማለት ይሄ ነው። (ከጠላህ ሰው ጋር ተቋጥረህ ስትሄድ አስበው!) በፍርዱ ያልረካ ወደ ሹም ይሄዳል፤ ካልሆነለት እስከ ዙፋን ችሎት ይዘልቃል።

የዛሬው የፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 መሠረት፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም። ፍርዱም ይግባኝ ይባልበታል። የኳስ ዳኛ ግን በጨዋታው ውስጥ ስለሆነው ነገር የወሰነው የመጨረሻ ነው። ቫርም (የቪዲዮ ረዳት ዳኛው) ቢሆን ያሳየዋል እንጂ አይወስንለትም። ስለዚህ ጋሼ ይግባኛቸውን የሚያስገቡበት መዝገብ ቤት የለም።

የመድረኩ ዳኛማ ጆሮውን ነው የሚከተለው። ለኔ ከሁሉም ቀላሉ እንጀራ የሱ ነው።