የመድኃኒት ማዘዣ ምህጻረ ቃላት፦ አመጣጣቸው፣ ትርጉማቸውና የሚያስከትሉት ስህተት

በኢትዮጵያ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ከሐኪሙ እጅ እስከ ታማሚው ጆሮ በሦስት ቋንቋ ያልፋል። የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ አወሳሰዱን የሚያመለክቱት ፊደላት በአብዛኛው ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ፋርማሲስቱ ደግሞ በአማርኛ ወይም በታማሚው ቋንቋ ያስረዳል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ስህተት ሊፈጠር ይችላል።

ከመድኃኒቱ ስም በፊት የሚታየው፣ እግሩ ላይ ሰረዝ የተጣለበት «አር» «ሬኪፔ» የሚለው የላቲን ቃል ማጠሪያ ነው። ትርጉሙ «ውሰድ» ማለት ሲሆን ትእዛዙ ለታማሚው አልነበረም። ሐኪሙ መድኃኒት ቀማሚውን «እነዚህን ቅመሞች ወስደህ አዘጋጅ» የሚልበት ቃል ነበር።

የድግግሞሽ ምልክቶቹ ሥርዓት አላቸው። «ቢ.አይ.ዲ.» (ቢስ ኢን ዲኤ) በቀን ሁለት ጊዜ፣ «ቲ.አይ.ዲ.» (ቴር ኢን ዲኤ) ሦስት ጊዜ፣ «ኪው.አይ.ዲ.» (ኳቴር ኢን ዲኤ) አራት ጊዜ ማለት ነው። «ፒ.ኦ.» በአፍ የሚወሰድ፣ «ስታት» ወዲያውኑ የሚሰጥ፣ «ፒ.አር.ኤን.» ሲያስፈልግ ብቻ የሚወሰድ ነው። «ፒ.አር.ኤን.» ሲጽፍ ሐኪሙ ሁለት ነገር መጨመር ይኖርበታል፦ ለምን ሕመም እንደሆነና በቀን ከስንት መብለጥ እንደሌለበት። ያለዚያ «ሲያስፈልግ» የሚለውን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ይተረጉመዋል።

«ቲ.አይ.ዲ.» እና «በየ8 ሰዓቱ» አንድ አይደሉም። ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ የተዋጠ መድኃኒት ቀን ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት ይኖረውና ሌሊቱን ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይቋረጣል። በደም ውስጥ መጠኑ እንዳይወርድ ለሚፈለግ መድኃኒት ሰዓቱ ራሱ መነገር አለበት፦ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4። በየ6 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ምሽት 12፣ ሌሊት 6 ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖር ሰው ማሸጊያው ላይ «8» የሚል ካየ በአማርኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበል፤ ቤት ያሉት ወላጆች በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየኖሩ ከሆነ መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል።

በፋርማሲ ፖስታ ላይ የሚጻፈው «1×3» አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ከቀረ ሦስቱን አንድ ላይ ለመዋጥ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ብሎ በፊደል መጻፍ ይሻላል። «ኤ.ሲ.» ከምግብ በፊት፣ «ፒ.ሲ.» ከምግብ በኋላ ነው። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የማይበላ ሰው «ከምግብ በኋላ» ሲባል የጠዋቱን ሊተወው ይችላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ሲቀበል መጾሙን ይንገር፤ ባለሙያውም ሳይነገረው ይጠይቅ።

በሽሮፕ ላይ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው። የእንግሊዝኛ ምህጻራቸው በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያይ ለሕፃን የታዘዘው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የቤት ማንኪያም መጠኑ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ስኒ ወይም በሲሪንጅ መለካት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ምህጻራት ከነጭራሹ ባይጻፉ ይመረጣል። «ኪው.ዲ.» (በየቀኑ) በእጅ ጽሑፍ «ኪው.አይ.ዲ.» ከመሰለ መጠኑ አራት እጥፍ ይሆናል። «ኦ.ዲ.» ለአንዱ «በቀን አንዴ» ሲሆን ለሌላው «ኦኩሉስ ዴክስተር»፣ ማለትም ቀኝ ዓይን ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው የኢንሱሊን መጠን የሚለካበት «ዩኒት» ነው። ቃሉ በአንድ ፊደል ሲያጥር ፊደሉ ዜሮ ይመስላል፤ 10 ዩኒት 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ስኳሩን አውርዶ ታማሚውን ራሱን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። 5.0 ነጥቡ ከጠፋ 50፣ .5 ደግሞ 5 ይሆናል። ስለዚህ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ዜሮ አይጨመርም፤ ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ አይቀርም። ሆስፒታሎችን የሚገመግመው የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. እነዚህን መሰል አጻጻፎች ከልክሏል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሞርፊንንና ማግኒዚየም ሰልፌትን የሚያምታቱት ምህጻራትም አሉበት። ማይክሮግራም ሚሊግራም ተብሎ ከተነበበ ልዩነቱ 1,000 እጥፍ ስለሆነ ቃሉ በሙሉ ይጻፍ።

በቀዶ ጥገና ክፍል አልጋ ላይ የሚንጠለጠለው «ኤን.ፒ.ኦ.» (ኒል ፔር ኦስ) በአፍ ምንም አይሰጥ ማለት ነው። ለጤናማ አዋቂ በተለመደው አሠራር ከሰመመን በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ቀላል ምግብ፣ 2 ሰዓት ንጹሕ ፈሳሽ ይከለከላል፤ ወተት ከምግብ ይቆጠራል። አስታማሚ ምልክቱን ካላወቀ በደግነት አጥሚት ያቀምሳል፤ ጨጓራ ውስጥ ያለው በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ቀዶ ጥገናው ሊተላለፍ ይችላል።

«ቲቢ» የሚለው ቃል ራሱ «ቱበርክል ባሲለስ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ያስታወቀው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። በታማሚው ካርድ ላይ የሚታዩት ፊደላት መድኃኒቶቹን ይወክላሉ፦ «አር» ሪፋምፒሲን፣ «ኤች» አይሶኒያዚድ፣ «ዜድ» ፒራዚናማይድ፣ «ኢ» ኢታምቡቶል። አይሶኒያዚድ «ኤች» የተባለው በኬሚካል ስሙ ውስጥ ካለው «ሃይድራዛይድ» ነው። ከፊደላቱ በፊት ያለው ቁጥር ወር ነው፤ መጀመሪያ 2 ወር አራቱም፣ ቀጥሎ 4 ወር «አር» እና «ኤች» ብቻ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ወር አልቆ ክኒኑ ሲቀየር ታማሚው «መድኃኒቴ ተሳሳተ» እንዳይል፣ ካርዱን ይዞ ፊደላቱን አብሮት ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።