«እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው»፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምንስ ማለት ነው?

«እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ የአደባባይ አባባል ከሆነ ቆይቷል። ፈተና እንዲያልፍ ስለት ተስሎ ደብተሩን ለማይገልጥ ተማሪም ሆነ «እግዜር ያውቃል» እያለ እጁን አጣጥፎ ለሚቀመጥ ሰው ይነገራል። ይህ አጠቃቀም ስሕተት ነው ባይባልም፣ አባባሉ በተወለደበት ቦታ የሚወቀሰው ስንፍና አልነበረም፤ የሚወቀሰው የተራበ ሰው ፊት ቆሞ መመረቅና ባዶ እጁን መሸኘት ነበር።

ምንጩ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ነው። ሐሳቡ በዚያ ምዕራፍ በቁጥር 17፣ 20 እና 26 ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ይገኛል፤ የመጨረሻው፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ «ከነፍስ የተለየ ሥጋ የሞተ እንደ ሆነ እንዲሁ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» ይላል። በትውፊት መልእክቱን የጻፈው የጌታ ወንድም የሚባለውና የኢየሩሳሌምን ቤተ ክርስቲያን የመራው ያዕቆብ ነው።

ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በእምነት ትርጓሜ ሳይሆን በመቀመጫ ነው። የወርቅ ቀለበት ያጠለቀና የጌጥ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ጉባኤው ሲገባ «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» ይባላል፤ እድፋም ልብስ የለበሰ ድሀ ሲከተለው ደግሞ «ወደዚያ ቁም ወይም ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ» ይባላል። ጸሐፊው ይህን ከነቀፈ በኋላ ነው ወደ ዋናው ነገር የሚገባው፦ ወንድም ወይም እኅት ራቁታቸውን ሆነው የዕለት ምግብ አጥተው ሳለ ከምእመናኑ አንዱ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ቢያሰናብታቸው፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ግን ባይሰጣቸው፣ ምን ይጠቅማቸዋል? ሰውየው አልተሳደበም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። እንዲያውም የተናገረው መልካም ምኞት ነው። ያዕቆብ «የሞተ» ያለው እንዲህ ያለውን፣ አፉ ጨዋ የሆነውን እምነት ነው።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ስለ ወላዲተ አምላክ» ብሎ እጁን ለሚዘረጋ ነዳይ፣ የሚሰጠው የሌለው ወይም መስጠት ያልፈለገ ሰው የሚመልሰው ቃል «እግዜር ይስጥህ» የሚል ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ይህን ቢል ጸሎት ነው፣ ከስድብና ከዝምታም እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ያው ቃል ኪሱ በሞላ ሰው አንደበት ሲነገር የእግዚአብሔር ስም ለእምቢታ ማለዘቢያ ይሆናል፤ ከ«እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚለየውም በቋንቋ ብቻ ነው።

ያዕቆብ ክርክሩን በምስክሮች ያጠነክራል። አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል፤ ስለዚህ ማወቅና መቀበል ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ እነርሱም በዳኑ ነበር። ከአብርሃም ቀጥሎ የኢያሪኮዋን ጋለሞታ ረዓብን መጥራቱ ደግሞ ሊታለፍ አይገባም፤ የእምነቷ ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረላት ከእስራኤል የተላኩ እንግዶችን ተቀብላ በሌላ መንገድ መሸኘቷ ነውና።

ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ወይስ በሥራ የሚለው ጥያቄ የሚከብደው የያዕቆብ ቃል ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 3፥28 «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቆጥራለንና» ካለው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል ብሎ ያስተማረው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን መቅድም የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» ብሎ ዝቅ አድርጎታል። በዚያው እትም በሮሜ መልእክት መግቢያው ላይ ግን፣ ሙቀትና ብርሃን ከእሳት እንደማይለዩ ሁሉ ሥራም ከእምነት ሊለይ እንደማይችል ጽፏል፤ ያዕቆብን ሲነቅፍ የተናገረውን የሚያስታውሱ ሰዎች ይህን ቢያክሉበት መልካም ነበር። ጳውሎስ ራሱም ቢሆን በኤፌሶን 2 ላይ መዳን በጸጋ እንጂ ከሥራ እንዳይደለ ከተናገረ በኋላ ወዲያው መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደ ተፈጠርን ይጨምራል። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1999 በአውግስበርግ በፈረሙት የጋራ መግለጫ፣ ሰው የሚጸድቀው በጸጋ እንደ ሆነና በጎ ሥራም የዚያ ጽድቅ ፍሬ እንደ ሆነ ተስማምተዋል። በአገራችን ይህ ጥቅስ በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት ምእመናን ሙግት እንደ ድንጋይ ሲወራወር መኖሩ ያሳዝናል፤ ሙግቱ ሲሟሟቅ ጥቅሱ የሚናገርለት የተራበው ሰው ይረሳልና።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሃይማኖትና ምግባር ተጣምረው የሚነገሩ ናቸው፤ በማቴዎስ 25 የተዘረዘሩት የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅም «ስድስቱ ቃላተ ወንጌል» ተብለው ይጠናሉ። የዝክሩ ጠበል ጸዲቅና የተዝካሩ ግብር በዚሁ ትምህርት ላይ የቆሙ ናቸው። ሆኖም ያዕቆብ ሥራ ያለውን በምጽዋት ብቻ የለካ ሰው መልእክቱን እስከ መጨረሻው አላነበበውም። በምዕራፍ 5 ላይ ባለጠጎችን ሲገሥጽ «እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምጦ ይጮኻል» ይላቸዋል። እንግዲህ በየወሩ ዝክር እየዘከረ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ለሦስት ወር የሚያቆይ፣ ወይም የቀን ሠራተኛን ድካም በሰበብ አስባቡ የሚቆርጥ ክርስቲያን በአባባሉ ከሚወቀሱት ውጭ አይደለም፤ ያዕቆብ ከእርሱ የሚጠይቀውም ምጽዋት ከመሆኑ በፊት ዕዳ ነው።